ከምላስ ሥር

«አፍዎን ይክፈቱ» አለች ታላቅየዋ። አባትየው ከፈቱ። «ምላስዎን ያንሱ።» አነሱ። «ወደ ግራ። አሁን ወደ ቀኝ።» የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ የሻወሩ እንፋሎት ገና ስላልወጣ መስተዋቱ በላብ ተሸፍኗል። ታላቅየዋ የስልኳን መብራት አብርታ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው አፍ ጥርስ በጥርስ ትፈትሻለች። ታናሽየዋ መተላለፊያው ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረች ነው። ማሰሪያው ከታሰረ ቆይቷል፤ ፈትታ እንደገና ማሰር ጀምራለች፤ ቀና ካለች ታያለችና። ይህ እንግዲህ በዚህ ቤት ከሁለት ወር ተኩል ወዲህ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሳይዛነፍ የሚፈጸም ነገር ነው። ታላቅየዋ በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ቀን «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም። ሰውን ከነማዕረጉ ማዋረድም ይቻላል ለካ። «ይዝጉት» አለች። አባትየው ዘግተው የጥርስ ብሩሻቸውን አነሱ።

ነገሩ የኩላሊት ነው። አባትየው ሆድ ውስጥ በቀኝ በኩል የተቀመጠችው ኩላሊት የታላቅ ልጃቸው ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከእሷ ጎን ወጥታ ነው እሳቸው ላይ የተተከለችው። ሰውነታቸው እንግዳዋን ኩላሊት ባዕድ ናት ብሎ እንዳይገፋት በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ነጭ እንክብል ይውጣሉ። መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በየጊዜው ይለካል፤ ከአምስት እስከ ስምንት ከሆነ ሁሉም ሰላም ያድራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስድስትና ሰባት ሲል የኖረው ቁጥር ከአራት ወር ወዲህ መውረድ ጀመረ፤ አራት፣ ከዚያ ሦስት ተኩል። ሐኪሙ አንዱን እንክብል ሁለት አደረገው። ቁጥሩ ግን ወደ ሁለት ነጥብ ስድስት ወረደ። ያኔ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «አባቴ፣ በእርግጥ ይወስዱታል?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው «እወስዳለሁ» አሉ። ሐኪሙም ታላቅየዋን አየ፤ ታላቅየዋም ሐኪሙን አየች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አፍ መክፈት መጣ።

እንክብሉ እጃቸውን ያንቀጠቅጣቸዋል። አንዳንዴ ሆዳቸውን ይረብሻቸዋል። ታላቅየዋ ይህን ሁሉ ደምራ ቀንሳ የደረሰችበት መልስ አንድ ነው፤ ሰልችቷቸው ይተፉታል። «ከጎኔ ቆርጬ የሰጠሁትን መጸዳጃ ቤት ይጥሉታል» ትላለች፤ እንክብሉንና ኩላሊቷን አንድ አድርጋ ማለት ነው። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ያልሠሩትን የቤት ሥራ ሠርተናል ከሚሉ ልጆች ወላጆች ጋር ስትከራከር ትውላለች፤ «ሠርቻለሁ» የሚል ቃል ከሰማች ደብተር ማየት ለምዶባታል። የእንክብል ደብተሩ ደግሞ አፍ ነው።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ አለ። ከትናንት ወዲያ የተቀዳው ደም ውጤቱ ይነገራል። ታላቅየዋ ውሳኔዋን ካሳወቀች ሳምንት አልፏታል፤ ቁጥሩ እንደገና ዝቅ ካለ አባትየው ነርሶች ቀንና ማታ ወደሚጠብቁበት የአዛውንት ማቆያ ይገባሉ። አልጋው ተይዟል። ዋጋውም ተጠይቋል፤ የጸሐፊዋን ግማሽ ደመወዝ የሚበላ ዋጋ ነው፤ «ይሁን» ብላለች። አባትየው አልተከራከሩም። ትናንት ማታ ራሳቸው ሻንጣቸውን አዘጋጅተው መተላለፊያው ላይ አቆሙት፤ በሻንጣው ላይ የእንጨት ሣጥናቸውን ደረቡበት። በዚያ ሣጥን ውስጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ የነሐስ መመዘኛዎች አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ በየሱቁ እየገቡ የባለሱቁን ሚዛን በእነዚያ መመዘኛዎች ፈትነው፣ ትክክል ከሆነ ማኅተም የሚመቱ፣ ካልሆነ የሚያሽጉ። አንድ ኪሎ አንድ ኪሎ መሆኑን ሲያረጋግጡ የኖሩ ሰው ናቸው አሁን አፋቸውን የሚፈተሹት።

ታናሽየዋ ከሻንጣው አጠገብ ተነሥታ ቆመች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሥራ ቦታዋ «ኬሚስቷ» ይሏታል፤ እዚህ ቤት ግን ዛሬም «ሚጢ» ናት። ሚጢ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልወገነችም። አባቷን አልጠረጠረችም፤ «አምንዎታለሁ» ብላም አታውቅም። ለኩላሊቱ ሁለቱም ሲመረመሩ የእሷ ደም አልተስማማም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በኩላሊቱ ነገር አፍ የመክፈት መብት ያላት አይመስላትም። እሷ የምታዋጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣጥን መሙላት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነርሷ ባስተማረቻቸው መሠረት ለጠዋትና ለማታ የተከፋፈለ የፕላስቲክ የመድኃኒት ሣጥን ገዛች፤ በየአራት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ የአባቷ እጅ የማይችለውን የፎይል ማሸጊያ እሷ እየፈለቀቀች የደም ግፊቱንም፣ የሆዱንም፣ የኩላሊቱንም እንክብል በየክፍሉ ታስቀምጣለች። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል ፎይሉ። ያን ሰዓት ትወደዋለች። አባቷ ከጎኗ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ።

«ሚጢ፣ ዛሬ ዝናብ አለ» አሉ አባትየው በፎጣ አፋቸውን እየጠረጉ ሲወጡ። «ጃንጥላ ያዢ።»

«እሺ አባባ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ትመጫለሽ አትመጪም?» አለች ታላቅየዋ ከኋላቸው።

«ሥራ አለኝ እትዬ። የሦስት ወሩ ናሙና የሚወጣው ዛሬ ነው።»

«ያንቺ ናሙና» አለች ታላቅየዋ። ሚጢ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

ኬሚስቷ የምትሠራው መድኃኒት በሚሠራበት ሳይሆን መድኃኒት በሚያረጅበት ክፍል ውስጥ ነው። ፋብሪካው ከከተማው ዳር ነው፤ እሷ ያለችበት ክፍል ከመጋዘኑ ጀርባ፣ መስኮት የሌለው፣ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ካቢኔቶች ግድግዳውን ተደግፈው የሚያንጎራጉሩበት ነው። ካቢኔቶቹ ውስጥ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ፣ እርጥበቱ ሰባ አምስት በመቶ ነው። ስድስት ወር እዚያ የኖረ እንክብል ውጭ ሁለት ዓመት እንደከረመ ይቆጠራል። ካቢኔቶቹን የሚጠብቀው ቴክኒሻን ቁጥሩን በየሰዓቱ መዝገብ ላይ ስለሚጽፍ «ሰባ አምስት» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። እንዴት አደርክ ሲሉት «ሰባ አምስት» ይላል፤ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ብቻ «ሰባ ስምንት» ብሎ መለሰ፤ ሚስቱ ተጣልታው እናቷ ቤት የሄደች ዕለት ነበር።

አሁን በእጃቸው ያለው መድኃኒት አስቸጋሪ ጠባይ አለው። በተፈጥሮው ክሪስታል ነው፤ ቅንጣቶቹ ተሰልፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነው የሚኖሩት፤ ያን ጊዜ ውሃ አይገባባቸውም፤ የዋጠው ሰው ሆድ እንደ ጠጠር ያሳልፈዋል። ስለዚህ ፋብሪካው መድኃኒቱን ፖሊመር ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር ጋር አሟሙቶ በሞቃት አየር ውስጥ ይረጨዋል፤ ጠብታዎቹ ዐይን ተገልጦ እስኪጨፈን ድረስ ይደርቃሉ፤ ቅንጣቶቹ ለመሰለፍ ጊዜ ስለማያገኙ እንደተዘበራረቁ ይቀራሉ። እንዲህ የተዘበራረቀው፣ ቅርጽ የሌለው መድኃኒት ነው ሆድ ውስጥ ቶሎ የሚሟሟው፤ በሽተኛውን የሚያድነውም እሱ ነው። ፖሊመሩ በየመሀላቸው ገብቶ ያገላግላቸዋል፤ ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች መሀል እንደምትተኛ እናት። ነገር ግን ልባቸው ከመሰለፉ ላይ ነው። እርጥበት ካገኙ ፖሊመሩ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታሉ፣ ይፈላለጋሉ፣ ይሰለፋሉ። እንክብሉ ግን በዐይን ሲያዩት ያው ነጭ፣ ያው ክብ፣ ያው ለስላሳ ነው። የኬሚስቷ ሥራ ይህን ሰልፍ ማስቀረት፣ ካልተቻለም መቼ እንደሚጀምር ማወቅ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሠርታዋለች። በአራት መድኃኒቶች ወረቀት ላይ «እስኪውጡት ድረስ ከማሸጊያው አያውጡት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው እሷ ናት።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰባ አምስት ሁለት ትሪ ይዞ መጣ። በአንዱ ፎይል ውስጥ እንዳሉ ሦስት ወር የከረሙ፣ በሌላው ክዳን በሌለው ሳህን ላይ ተበትነው የከረሙ። ኬሚስቷ ከሁለቱም ፈጭታ ራጅ መሣሪያው ውስጥ አስገባች። ቅርጽ የሌለው መድኃኒት በስክሪኑ ላይ ለስላሳ ጉብታ ይሠራል፤ የተሰለፈው እሾህ ያወጣል። ከፎይል የወጣው ጉብታ ሆነ። ከሳህን የተነሣው እሾህ በእሾህ ሆነ። የሚጠበቅ ነበር፤ ማንም አልተገረመም። የክፍሉ ልማድ ሆኖ የሳህኑን ውጤት «የቂሉ ናሙና» ይሉታል፤ ምክንያቱም መመሪያው ስለሚያዝ እንጂ ማንም ሰው እንዲህ አያስቀምጥም ብለው ያምናሉ።

«እኔ የማይገባኝ» አለ ሰባ አምስት ትሪውን እየጠረገ፣ «አርባ ዲግሪ በሰባ አምስት እርጥበት፣ ያውም ፎይሉን ፈልቅቆ። ማን ነው ቤቱን እንዲህ አድርጎ የሚኖር? ሻወር ቤት ካልሆነ በቀር።»

ኬሚስቷ ፈገግ አለች። ፈገግታው ግን ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። በላብ የተሸፈነው መስተዋት መጣባት፤ ከመስተዋቱ ሥር ያለው መደርደሪያ፤ መደርደሪያው ላይ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን። ክው አለች። ሣጥኑ ድሮ የምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ጥርጣሬው ሲመጣ ታላቅየዋ ናት ወደ መታጠቢያ ቤት ያዛወረችው፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ አፍ ለማየት ይመቻል ብላ። የድሮው መድኃኒት ካፕሱል ነበር፤ ሦስት ዓመት በሣጥን ውስጥ ሲኖር ምንም አልሆነም። ከአራት ወር በፊት ፋርማሲው ካፕሱሉ ጠፍቷል ብሎ የሌላ ፋብሪካ እንክብል ሰጣቸው፤ ዋጋውም በሲሶ ይቀንሳል ተብሎ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። እሷም በእሑዷ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ፈለቀቀችው። ወረቀቱን አላነበበችም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሚጢ እንጂ ኬሚስት አልነበረችም።

ለምሳ አልወጣችም፤ ታክሲ ይዛ ቤት ሄደች። የተጨናነቀውን የመኪና መንገድ እያየች አእምሮዋ ክርክር ያዘ። ምናልባት አዲሱም እንክብል ሌላ ዓይነት አሠራር ሊሆን ይችላል። ምናልባት አባቷ እውነትም ይተፉት ይሆናል። ይህን ሁለተኛውን ስታስብ ደስ እንዳላት ተሰማትና በራሷ አፈረች። አባቷ ዋሽተው ቢሆን እሷ ነፃ ትወጣ ነበር።

አባትየው ሳሎን ውስጥ ልብሳቸውን ለቀጠሮው ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ወረቀት ረስቼ ነው አለቻቸው። መሳቢያውን ከፍታ የሚቀጥለውን ወር እንክብል ከነካርቶኑ አወጣች፤ አራት እጥፍ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችው። ከፖሊመሩ ስም ቀጥሎ፣ በጉንዳን ፊደል፣ እንዲህ ይላል። «ቅርጹን እንዳይለውጥ ከማሸጊያው እንዳወጡ ወዲያው ይውጡት።» ራሷ የጻፈችው ይመስል ነበር። አንድ ፎይል ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ሣጥኑን ከፈተች። ከሞላችው ሦስት ሳምንት ተኩል ሆኖታል። ሦስት እንክብል በመሐረብ ጠቀለለች። ዞር ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንቺም መቁጠር ጀመርሽ?» አሉ።

ሳይለኩ መናገር በሚጢ ሥራ ነውር ነው፤ ያውም ልትለካው የቀራት አንድ ሰዓት ብቻ ሆኖ። «አይ አባባ፣ እኔ...» ብላ ቀረች።

«ቁጠሪ፣ ግድ የለም። ልክ ነው፤ እኔም ቆጥሬዋለሁ» አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ታክሲው ውስጥ ስትገባ አለቀሰች፤ ሹፌሩ በመስተዋት አይቷት ሬዲዮውን ዝቅ አደረገላት።

የመሟሟት መሣሪያው ስድስት የመስታወት ዕቃዎች በተርታ የተቀመጡበት ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ እንደ ሰው ሆድ የሞቀ ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚዞር መቅዘፊያ አለው። ፋብሪካው ባልመዘገበው እንክብል መሣሪያውን መንካት ክልክል ነው። ሰባ አምስት መዝገቡን ገልጦ እስክሪብቶ ይዞ ጠበቃት። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ። «የውጭ ናሙና በል። ባለቤቱ ከተባለ የኔን ስም ጻፍ።» ጻፈ። በሦስቱ የፎይሉን ጣለች፣ በሦስቱ የሣጥኑን። ስድስቱም አንድ ዓይነት ነጭ ነበሩ፤ አንድ ዓይነት ሰመጡ። ከዚያ የፎይሎቹ ደበዘዙ፣ ተበተኑ፣ ውሃው ጠራ። የሣጥኖቹም ተበተኑ፤ ውሃቸው ግን እንደደፈረሰ ቀረ፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ተኝቶ መቅዘፊያው ዙሪያ ይዞራል። በግማሽ ሰዓት የተነበበው እንዲህ ነበር፤ የፎይሉ ዘጠና አራት፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና ስድስት በመቶ። የሣጥኑ ሃያ አንድ፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። አባቷ ሁለት እንክብል ሲውጡ የደረሳቸው የአንዱ ግማሽ እንኳ አልነበረም። ሌላው ሁሉ እንዲሁ ገብቶ እንዲሁ ይወጣ ነበር።

«የማን ነው?» አለ ሰባ አምስት በመጨረሻ።

«የአባቴ። የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ሰባ አምስት መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋ። «ማን ያደርገዋል ያልኩትን ይቅር በይኝ» አለ።

ለታላቅ እህቷ ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ገብተዋል። ኃላፊዋን አስፈቅዳ ስትወጣ አባቷ ያሉት ዝናብ መጣ፤ አውቶቡሱ በጎርፍ መሀል እየተንፏቀቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባት። ቤት ስትደርስ ሻንጣው ከመተላለፊያው ወደ በሩ ተጠግቷል። አባትየው ካፖርታቸውን ለብሰው ከሻንጣው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የእንጨት ሣጥኑን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ታላቅየዋ መስኮቱ ጋ ቆማ የምትጠብቀው የማቆያውን መኪና ነበር።

«ሁለት ነጥብ አንድ» አለች ሳትዞር። «ሰማሽ? አፍ እያስከፈትኩ፣ ምላስ እያስነሣሁ፣ ሁለት ነጥብ አንድ። ኩላሊቷ ተቆጥታለች አለ ሐኪሙ። እንዴት አድርገው እንደሚደብቁት እኔ እንጃ። አልችልም፤ አቃተኝ።»

«አልደበቁም እትዬ» አለች ሚጢ። ጃንጥላዋ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ ነገረቻት። ሰልፉንም፣ እርጥበቱንም፣ ካፕሱሉንም፣ እንክብሉንም፤ በኬሚስት አፍ ሳይሆን በሚጢ አፍ፣ እየተንተባተበች። ታላቅየዋ መጀመሪያ አላመነችም። «አንቺ ዛሬ ነው የሚታወቅሽ? ሊሄዱ ሲሉ?» አለች። ሚጢ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ሦስት ቁጥር በላይ፣ ሦስት ቁጥር በታች። ታላቅየዋ በቆመችበት አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። የቃላት ሰው ናትና ቁጥሩን ለመቀበል ጊዜ ወሰደባት። «ሣጥኑን መታጠቢያ ቤት ያስገባሁት እኮ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ብርሃን አለው ብዬ።» ከዚያ ተቀመጠች። ውጭ የመኪና ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ማንም አልተነሣም። ሦስተኛ ሲጮህ ሚጢ ወጥታ ሹፌሩን አሰናበተችው፤ ለመጣበት ይከፈለኝ አለ፤ ከፈለችው።

ተመልሳ ስትገባ ሁለቱም እንደተወቻቸው ነበሩ። ይቅርታ የሚባለው ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም ልጆች አውቀውታል። መጀመሪያ የተናገሩት አባትየው ናቸው።

«ስንት አልሽ የሣጥኑን?»

«ሃያ አንድ፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ።»

«ሦስት ጊዜ መዘንሽው ማለት ነው።»

«ሦስት ጊዜ አባባ።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ ብዙ ባለሱቅ ከስሻለሁ። ግን ሚዛኑን ሳልፈትን ሰውየውን የጠረጠርኩበት ቀን የለም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያለፈ ሥራቸውን ለእንግዳ የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር። ታላቅየዋ እጇን ጎኗ ላይ አደረገች፤ ጠባሳው ባለበት በኩል።

ሐኪሙ በስልክ ሁሉንም ሰማ። ከዚያ ከፎይል የወጣው እንክብል ሙሉ ኃይሉ ስላለው ሁለት እንዳይሰጧቸው፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ብቻ እንዲሆን፣ በአራተኛው ቀን ደም እንዲቀዳ አዘዘ። ኩላሊቷ ምን ያህል እንደተጎዳች ከዚያ በኋላ ይታያል አለ። መዝገቡ ላይ የጻፈውን «አይወስዱም» የሚል ቃል ይሰርዘው እንደሆነ ታላቅየዋ ጠየቀችው፤ ሐኪሙ «እርግጥ ነው፣ እርግጥ ነው» አለ። ሲሰርዝ ግን ማንም አላየውም።

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ሚጢ ፎይሉንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አቀረበች። ልትፈለቅቅላቸው እጇን ስትዘረጋ አባትየው ፎይሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። አውራ ጣታቸውን ያስጠጋሉ፣ ይንሸራተታል፤ እንደገና ያስጠጋሉ። ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። እንክብሏ በመጨረሻ ጠቅ ብላ ወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለች፣ ልታመልጣቸው ስትል በመዳፋቸው ያዟት። ዋጧት። ውሃውን ጨርሰው ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው አፋቸውን ከፈቱ።

«አባባ፣ በቃ» አለች ታላቅየዋ። «በቃ፣ ይዝጉት።»

አልዘጉም። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አመለከቷት። ታላቅየዋ እጇ እየከበዳት አነሣችው፣ መብራቱን አበራችው። ምላሳቸውን አነሱላት፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አይታ ስትጨርስ ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። አባትየው ግን አፋቸውን እንደከፈቱ ፊታቸውን ወደ ሚጢ አዞሩ።

ሚጢ ወደ ጫማዋ ጎንበስ ልትል ነበር። ባዶ እግሯን ናት። ስልኩን ከእህቷ እጅ ተቀብላ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ያላየችውን አየች፤ ሁለት የጎደሉ የመንጋጋ ጥርሶች፣ በነጭ የተሸፈነ የሽማግሌ ምላስ፣ ከምላሱ ሥር ቀጭን ሰማያዊ የደም ሥር። ቀስ ብላ ጥርስ በጥርስ ተመለከተች። ሌላ ምንም አልነበረም።